የሪፋምፒሲንና የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቶች መጋጨት፦ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

መግቢያ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአበው ብሂል በሕክምና ታሪክ ውስጥ በሁለት በሽታዎች ላይ እውነትነቱን በተለይ አስመስክሯል። አንደኛው የሳንባ ነቀርሳ ሲሆን ሁለተኛው ኤች.አይ.ቪ. ነው። ስትሬፕቶማይሲን በ1940ዎቹ ዓመታት ለብቻው በተሰጠ ጊዜ ብዙ ሕመምተኞች ለጥቂት ወራት ካገገሙ በኋላ፣ መድኃኒቱን የተላመደው ባክቴሪያ እየበረታባቸው ወደ ቀድሞ ሕመማቸው ይመለሱ ነበር። ከአርባ ዓመታት ያህል በኋላ፣ በ1987፣ ለኤች.አይ.ቪ. የመጀመሪያው መድኃኒት ሆኖ በአሜሪካ የተፈቀደው ዚዶቩዲንም ለብቻው ሲሰጥ የገጠመው ዕጣ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ስለሆነም በሁለቱም በሽታዎች ረገድ ሐኪሞች የደረሱበት ድምዳሜ አንድ ሆነ፤ ይኸውም አንድ መድኃኒት ብቻውን የማይረታውን ጠላት ሦስትና አራት መድኃኒቶችን አስተባብሮ መግጠም ነው።

ይሁን እንጂ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ በተገናኙ ጊዜ ብሂሉ የማይነግረን ችግር ይከተላል። ለነቀርሳ የታዘዙት አራቱ መድኃኒቶች ለኤች.አይ.ቪ. ከታዘዙት ከሦስቱ ጋር በአንድ አካል ውስጥ ሲሰማሩ፣ ሁሉም የሚተጋገዙ ወዳጆች ሆነው አይዘልቁም። ከመካከላቸው አንዱ የሌላውን ኃይል ያደክማል ወይም ከልክ በላይ ያበረታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ መጋጨቶች ዋነኛ የሆነውን፣ ማለትም ሪፋምፒሲን የተባለው ፀረ ነቀርሳ አንቲባዮቲክ በፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቶች ላይ የሚያደርሰውን ተፅዕኖ ከታሪኩ አንጻር መቃኘት ነው። ለሙያችንም የሚተርፍ ትምህርት ያለው ይመስለናል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንጠይቃለን።

የሪፋምፒሲን አመጣጥ

በ1957 በኢጣሊያ፣ ሚላኖ ከተማ የሚገኘው የሌፔቲት የመድኃኒት ኩባንያ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በደቡብ ፈረንሳይ የባሕር ጠረፍ ካለ የጥድ ደን የመጣ አፈር ይመረምሩ ነበር። በፒየሮ ሴንሲ የሚመራው ቡድን ከዚያ አፈር ባገኘው ተሕዋሲ ውስጥ እስከዚያ ጊዜ ያልታወቀ የአንቲባዮቲክ ቤተሰብ አገኘ። ተመራማሪዎቹ በዚያ ዘመን ዝነኛ በነበረው «ሪፊፊ» በተሰኘው የፈረንሳይ ፊልም ስም ግኝታቸውን በቀልድ መጥራት ጀመሩ፤ «ሪፋማይሲን» የሚለውም ስያሜ ከዚሁ የመጣ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሪፋማይሲኖች በአፍ ሲወሰዱ በቂ ሆነው ወደ ደም ስለማይገቡ በመርፌ ካልሆነ አያገለግሉም ነበር። በአፍ የሚወሰደው ሪፋምፒሲን የተገኘው በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ በ1968 በኢጣሊያ፣ በ1971 ደግሞ በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ከምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ጋር በመተባበር በ1970ዎቹ ያካሄዳቸው ጥናቶች የዚህን መድኃኒት ዋጋ በግልጽ አሳዩ። ቀድሞ እስከ አሥራ ስምንት ወር ይዘልቅ የነበረው የነቀርሳ ሕክምና ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ሲታከሉበት ወደ ስድስት ወር ሊያጥር ቻለ። ሕክምናውን በየመንገዱ ለሚያቋርጠው ብዙ ሕዝብ ይህ ምን ያህል ትልቅ እፎይታ እንደነበር የነቀርሳ ክሊኒክ ያየ ሁሉ የሚረዳው ነው።

ችላ የተባሉ ምልክቶች

ሪፋምፒሲን ሥራ ላይ በዋለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከነቀርሳ ጋር ግንኙነት የሌላቸው የሚመስሉ ገጠመኞች መሰማት ጀመሩ። በ1971 የጀርመን ሐኪሞች የእርግዝና መከላከያ ኪኒን የሚወስዱ ነቀርሳ ያለባቸው ሴቶች ሪፋምፒሲን ሲጀምሩ የወር አበባቸው እንደሚዛባ ገለጹ። ብዙም ሳይቆይ ኪኒኑን ሳያቋርጡ ያረገዙ ሴቶች መኖራቸው ታወቀ። የደም መርጋትን ለመከላከል ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች የወትሮው መጠን አልበቃ አላቸው። በ1976 ደግሞ ከሄሮይን ሱስ ለመላቀቅ ሜታዶን ይወስዱ የነበሩ አሜሪካውያን ሪፋምፒሲን ሲጀምሩ፣ የሜታዶኑ መጠን ሳይቀነስ፣ ሱሰኛ ዕፁን ሲነፈግ የሚሰማው ሥቃይ እንደደረሰባቸው ተዘገበ።

እነዚህ ሁሉ ገጠመኞች ወደ አንድ መንስኤ የሚያመለክቱ ነበሩ። ሆኖም የወር አበባው ጉዳይ የማሕፀን ሐኪሙ፣ የደሙ ጉዳይ የልብ ሐኪሙ፣ የሜታዶኑም ጉዳይ የሱስ ሐኪሙ ሆኖ ቀረ። የነቀርሳ ሐኪሙ በበኩሉ ሕመምተኛው እየዳነለት ስለሆነ መድኃኒቱን የሚወቅስበት ምክንያት አልነበረውም። ዕውቀቱ በመጽሔቶች ገጽ ላይ ነበር፤ ነገር ግን የሁሉም ሰው ዕውቀት አልሆነም።

ጉበት እንዴት ይሠራል?

ሰውነታችን የሚገባበትን ባዕድ ነገር ሁሉ በአብዛኛው በጉበት አማካይነት እየለወጠ ያስወግዳል። ይህን ሥራ ከሚሠሩት ኢንዛይሞች መካከል ሳይቶክሮም ፒ 450 የሚባሉት ቤተሰቦች ይገኛሉ፤ ከእነርሱም ሲ.ዋይ.ፒ. 3ኤ4 የሚባለው እጅግ ብዙ የሆኑ መድኃኒቶችን ይለውጣል። ነገሩን ለማቅለል ጉበትን እንደ አንድ ወፍጮ ቤት እንቁጠረው። ሪፋምፒሲን ወደዚህ ወፍጮ ቤት ሲገባ ተጨማሪ ወፍጮዎች እንዲተከሉ ያዛል። ወፍጮዎቹ በበዙ ቁጥር ሌላው መድኃኒት ሥራውን ከመሥራቱ በፊት ተፈጭቶ ያልቃል። ሪፋምፒሲን ይህን ትእዛዝ የሚያስተላልፍበት በሕዋሳት ውስጥ ያለው ተቀባይ የታወቀው በ1998 ነው።

ከዚህ ላይ ለባለሙያ ሁለት ነጥቦች ሊጤኑ ይገባል። አንደኛ፣ ወፍጮዎቹ በአንድ ቀን አይተከሉም፤ ተፅዕኖው ሙሉ ለመሆን አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሁለተኛ፣ ሪፋምፒሲን በቆመ ማግስት ወፍጮዎቹ አይነቀሉም፤ ጉበት ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመለሰው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ስለሆነም መድኃኒቱ ከማዘዣው ወረቀት ላይ ከጠፋም በኋላ ተፅዕኖው በሕመምተኛው አካል ውስጥ ይቆያል።

የ1996 ፈተና

ከታኅሣሥ 1995 እስከ መጋቢት 1996 ባለው ጊዜ ውስጥ ሳኩዊናቪር፣ ሪቶናቪርና ኢንዲናቪር በአሜሪካ ተፈቀዱ። ፕሮቲየዝ የተባለውን የቫይረሱን ኢንዛይም የሚያግዱት እነዚህ መድኃኒቶች ከቀድሞዎቹ ጋር ሲቀናጁ፣ ሞት ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች ከአልጋ ተነሥተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ዳሩ ግን ሦስቱም በዚያው በሲ.ዋይ.ፒ. 3ኤ4 ወፍጮ የሚያልፉ ነበሩ። ሪፋምፒሲን አብሮ ሲሰጥ በደም ውስጥ የሚገኘው የሪቶናቪር መጠን በ35 በመቶ፣ የሳኩዊናቪር በ80 በመቶ ያህል፣ የኢንዲናቪር ደግሞ በ90 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

የእነዚህን ቁጥሮች ትርጉም በሚገባ ማጤን ያስፈልጋል። ለራስ ምታት የተሰጠ ኪኒን በደም ውስጥ ቢያንስ ራስ ምታቱ ይቆያል እንጂ ሌላ ጉዳት የለም። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ሲያንስ ግን ቫይረሱ ሳይሞት መድኃኒቱን ለመላመድ ዕድል ያገኛል። ከዚያ በኋላ መጠኑ ቢስተካከል እንኳ ያ መድኃኒት፣ አንዳንዴም ዘመዶቹ የሆኑ መድኃኒቶች ሁሉ፣ ለዚያ ሰው አይሠሩም።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በጥቅምት 1996 ባወጣው ማሳሰቢያ ሪፋምፒሲንና እነዚህ መድኃኒቶች በአንድነት እንዳይሰጡ መከረ። ለሐኪሞች የቀረቡት አማራጮችም እያንዳንዳቸው ዋጋ የሚያስከፍሉ ነበሩ። አንዱ አማራጭ የነቀርሳው ሕክምና እስኪያልቅ ድረስ ፕሮቲየዝ አጋጁን ማቆየት ወይም ማቋረጥ ነበር፤ ይህም ሕመምተኛውን ለኤች.አይ.ቪ. አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል። ሌላው ከመጀመሪያዎቹ ወራት በኋላ ሪፋምፒሲንን ትቶ በአይሶኒያዚድና በኢታምቡቶል ከአንድ ዓመት በላይ መቀጠል ሲሆን፣ ይህ ነቀርሳን በተመለከተ ወደ 1960ዎቹ ዘመን እንደ መመለስ ያህል ነበር። ሦስተኛው በሪፋምፒሲን ፈንታ የቅርብ ዘመዱን ሪፋቡቲንን በተቀነሰ መጠን ከኢንዲናቪር ጋር መስጠት ነበር።

ሪፋቡቲን ወፍጮዎቹን የሚያበዛው በመጠኑ ነው። በአንጻሩ ግን ፕሮቲየዝ አጋጆቹ የእርሱን መወገድ ስለሚያግዱ መጠኑ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ካልተቀነሰም የዓይንን ውስጠኛ ክፍል ሊያስቆጣ ይችላል። መጋጨቱ ባለ ሁለት አፍ ሰይፍ መሆኑ እዚህ ላይ ተገለጠ።

ሌላ ዘዴም ተሞክሯል። ሪቶናቪር በራሱ ሲ.ዋይ.ፒ. 3ኤ4ን የሚያግድ በመሆኑ፣ እርሱን በማከል የሪፋምፒሲንን ተፅዕኖ ማመጣጠን ይቻላል የሚል ሐሳብ ቀረበ። በዚህ መሠረት ሳኩዊናቪር፣ ሪቶናቪርና ሪፋምፒሲን በአንድነት ለ28 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች በተሰጡ ጊዜ፣ ከመካከላቸው 11ዱ በጉበት ላይ ከባድ ጉዳት ስለታየባቸው አምራቹ በ2005 መጀመሪያ ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ አሰራጨ። አንዱን መጋጨት በሌላ መጋጨት ለማረም መሞከር ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ጉዳዩ ወደ አገራችን ሲደርስ

በኢትዮጵያ የኤች.አይ.ቪ. መኖር የታወቀው በ1984 ከተሰበሰበ ደም ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች የታወቁት በ1986 ነው። በዚያን ጊዜ የአገራችን የነቀርሳ ሕክምና በአብዛኛው በስትሬፕቶማይሲን፣ በአይሶኒያዚድና በቲያሴታዞን ላይ የተመሠረተ ነበር። ሪፋምፒሲን ውድ ስለነበረ ለሰፊው ሕዝብ አልደረሰም።

የመጀመሪያው አደጋ የመጣውም ከሪፋምፒሲን ሳይሆን ርካሽ ከነበረው ከቲያሴታዞን ነው። በ1991 በኬንያ የተደረገ ጥናት ኤች.አይ.ቪ. ባለባቸው የነቀርሳ ሕመምተኞች ላይ ይህ መድኃኒት ቆዳን እስከ መግፈፍ የሚደርስና ሕይወት የሚያጠፋ ጉዳት እንደሚያስከትል አረጋገጠ። በአፍሪካም ኢታምቡቶል ቀስ በቀስ ቦታውን ያዘ። በአገራችን ሪፋምፒሲን ያለበት አጭር ሕክምና በክትትል መስጠት በ1992 በአርሲና በባሌ ተጀምሮ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተስፋፋ። በዚህ ሁኔታ ሪፋምፒሲን ብዙ ሕመምተኞቻችን ዘንድ ሲደርስ ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ገና አልደረሰም ነበር። በ2003 መድኃኒቱ በክፍያ፣ ከጥር 2005 ጀምሮም በነፃ መሰጠት ሲጀምር ግን ሁለቱ በአንድ ሕመምተኛ እጅ ተገናኙ።

የተገናኙትም በኔቪራፒንና በኢፋቪሬንዝ በኩል ነው። ሪፋምፒሲን የኢፋቪሬንዝን መጠን በሩብ ያህል ሲቀንስ፣ የኔቪራፒንን ግን ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። በደቡብ አፍሪካ ተደርጎ በ2008 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በነቀርሳ ሕክምና ላይ ሳሉ ኔቪራፒን ከጀመሩት ሰዎች መካከል ቫይረሱ በደማቸው ከፍ ብሎ የተገኘባቸው፣ ነቀርሳ ሳይኖርባቸው ከጀመሩት እጥፍ ያህል ነበሩ። በኢፋቪሬንዝ ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ነቀርሳ ላለበት ሰው ኢፋቪሬንዝ ተመራጭ ሆነ።

ነገር ግን በዚያው ዘመን ኢፋቪሬንዝ ፅንስን ይጎዳል የሚል ሥጋት ስለነበረ ለመውለድ ዕድሜ ለደረሱ ሴቶች አይመከርም ነበር። ነቀርሳ የያዛት ወጣት ሴት ወደ ክሊኒክ ስትመጣ ሐኪሙ የሚመርጠው የፅንስ ሥጋት ያለበትን ወይም ኃይሉ የሚደክመውን መድኃኒት ነበር። የእርግዝና መከላከያ ኪኒን እንዳይታዘዝላትም ሪፋምፒሲን ኪኒኑን እንደሚያደክም ከ1971 ጀምሮ የታወቀ ነው። የፅንሱ ሥጋት በኋላ ጊዜ በተሰበሰበ መረጃ ባይጸናም፣ በእነዚያ ዓመታት ውሳኔውን ለሰጡት ባለሙያዎችም ሆነ ለተቀበሉት ሴቶች ጭንቀቱ እውነተኛ ነበር።

ከመጋጨቱ ለመሸሽ ሪፋምፒሲንን ማሳጠርም መፍትሔ አልሆነም። በአገራችንም ሲሠራበት የቆየው የስምንት ወር ሕክምና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ብቻ ሪፋምፒሲን ይዞ፣ ለቀሪዎቹ ስድስት ወራት በኢታምቡቶልና በአይሶኒያዚድ የሚቀጥል ነበር። ለፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቶቹ የሚመች ቢመስልም፣ በ2004 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዲህ ያለው ሕክምና ያልሠራላቸው ከ10 እስከ 14 በመቶ ሲሆኑ፣ ሪፋምፒሲን እስከ መጨረሻው በተሰጣቸው ዘንድ ግን 5 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ሪፋምፒሲንን በመሸሽ ኤች.አይ.ቪ.ን ለማከም መሞከር ሕመምተኛውን ለነቀርሳ ማጋለጥ መሆኑ ተረጋገጠ። ሁለቱን አስታርቆ ከመስጠት ሌላ መንገድ አልነበረም።

ስለ ኢፋቪሬንዝ መጠንም ክርክር ተነሥቶ ነበር። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2012 ክብደታቸው 50 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ሰዎች ከሪፋምፒሲን ጋር 800 ሚሊ ግራም እንዲወስዱ ሲወስን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ600 ሚሊ ግራም ጸና። ብዙ አፍሪካውያን በዘር በወረሱት ጠባይ ምክንያት ኢፋቪሬንዝን በዝግታ ያስወግዳሉ። በተጨማሪም በነቀርሳው ሕክምና ውስጥ ያለው አይሶኒያዚድ የመድኃኒቱን ሌላ መውጫ መንገድ ያግዳል። በመሆኑም በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ የነቀርሳው መድኃኒት ሲታከል የኢፋቪሬንዝ መጠን በመቀነስ ፈንታ ይጨምር ነበር። በአንድ አገር ሕዝብ የተለካ አማካይ ቁጥር ለሌላው ሕዝብ ሳይመረመር ሕግ ሊሆን እንደማይገባ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

የዶሉቴግራቪር ዘመን

በ2013 የተፈቀደው ዶሉቴግራቪር በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት ተመራጭ የመጀመሪያ ደረጃ መድኃኒት ሆነ። ለሕመምተኛው ቀላል፣ ቫይረሱም በቶሎ የማይላመደው ነው። ይሁንና እርሱም ከሪፋምፒሲን ተፅዕኖ አላመለጠም። በ2013 የታተመ ጥናት ከሪፋምፒሲን ጋር 50 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ መስጠት የጎደለውን እንደሚያሟላ አመለከተ። መመሪያዎችም ይህንኑ ተቀብለው፣ ሦስት መድኃኒቶችን በአንድነት የያዘውን ኪኒን የሚወስድ ሰው ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ 50 ሚሊ ግራም ዶሉቴግራቪር እንዲታከልለት አዘዙ። ይህም የነቀርሳው ሕክምና ካበቃ በኋላ ለሁለት ሳምንት ይቀጥላል፤ ምክንያቱ ከላይ የገለጽነው የወፍጮዎቹ ጉዳይ ነው። ይህች ተጨማሪ ኪኒን በእርግጥ ታስፈልግ እንደሆነ በደቡብ አፍሪካ የተደረገና በ2023 የታተመ ጥናት ጥያቄ አንሥቷል፤ ሆኖም ጥናቱ በስፋቱ ነገሩን ለመቁረጥ የታቀደ አልነበረም።

እንግዲህ በ1996 ሦስት አስቸጋሪ አማራጮች ብቻ የነበሩት ጉዳይ ወደ አንዲት ተጨማሪ ኪኒን ተቃሏል። ይህ ትልቅ ድል ነው። ግን ኪኒኒቱ ሕመምተኛው እጅ ካልገባች ድሉ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ዋና ቁም ነገር፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የጎደለው የዕውቀት ማነስ ብቻ አለመሆኑን ነው። ሪፋምፒሲን የሌላውን መድኃኒት ኃይል እንደሚያደክም ፕሮቲየዝ አጋጆች ከመፈቀዳቸው ሃያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ታውቆ ነበር። የጎደለው ሁለቱን ማዘዣዎች ጎን ለጎን አድርጎ የሚያይ ዓይን ነው። የነቀርሳ ክሊኒክና የኤች.አይ.ቪ. ክሊኒክ በአንድ ግቢ ውስጥ ሆነውም በተለያየ ክፍል፣ በተለያየ መዝገብና በተለያየ ቀጠሮ ሊሠሩ ይችላሉ። ሕመምተኛው አንዱን ካርድ በአንድ ኪሱ፣ ሌላውን በሌላ ኪሱ ይዞ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። አንዳንዴም ሕመሙን ከሰው ለመሰወር ሲል አንደኛውን ካርድ ጭራሽ አያወጣም።

እነዚህ ሁለት ኪሶች የሚገናኙት አብዛኛውን ጊዜ በመድኃኒት ማደያው መስኮት ነው። ስለሆነም በዚያ መስኮት የሚቆመው ባለሙያ ሦስት ነገሮችን ሳይሰለች ሊያደርግ ይገባል እንላለን። አንደኛ፣ ሪፋምፒሲን ለሚረከብ ሰው ሁሉ ሌላ የሚወስደው መድኃኒት ምን እንደሆነ፣ የእርግዝና መከላከያን ጨምሮ፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት ሁኔታ መጠየቅ ነው። ሁለተኛ፣ ተጨማሪው ኪኒን የታዘዘለት ሰው ለምን እንደሚወስደው እንዲረዳ ማድረግ ነው፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ሁለተኛዋን ኪኒን እንደ ትርፍ ይቆጥራታልና። ሦስተኛ፣ የነቀርሳው ሕክምና የሚያበቃበትን ቀን መዝግቦ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት መከታተል ነው። መጠንን በተመለከተ በሥራ ላይ ያለውን ብሔራዊ መመሪያ መመልከት የሁላችንም ግዴታ መሆኑ ሳይዘነጋ ነው።

በሚላኖ ላቦራቶሪ ያ አፈር ሲመረመር፣ መድኃኒቱ ከአርባ ዓመት በኋላ ከማን ጋር እንደሚጋጭ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። ነገ የሚመጣውም አዲስ መድኃኒት ከየትኛው ጋር እንደሚጋጭ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አናውቅም። በመስኮቱ ፊት ለቆመው ሰው «ሌላስ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ መጠየቅ ግን ከማንም ፈቃድ የማይጠበቅ፣ ወጪም የማያስወጣ ተግባር ነው። ይህን ጥያቄ ዕለት ዕለት የሚጠይቁ የሙያ ባልደረቦቻችን ስማቸው በታሪክ ባይመዘገብም፣ የዚህ ታሪክ የመጨረሻው ምዕራፍ የሚጻፈው በእነርሱ እጅ ነው።